መጠጥ ለመተው የሚያግዝ ስብሰባ እንዴት ይገኛል?

«ከነገ ጀምሮ አልጠጣም» ያለ ሰው በየመንደሩ አለ። በታቦት የማለ አለ። ለሽማግሌ ቃል የገባ አለ። በልጆቹ ፊት ያለቀሰም አለ። ሳምንት ሁለት ሳምንት ይቆያል። ከዚያ የገበያ ቀን ይደርሳል። ወዳጁ ያገኘዋል። «ኧረ አንድ መለኪያ ብቻ! ምን አለበት?» ይለዋል። አንዷ መለኪያ ሁለተኛዋን ትጠራለች። ማታ ሰውዬው በሰው ተደግፎ ቤቱ ይገባል።

በማግስቱ ጎረቤቱ «ወኔ የለውም» ይላል። እሱም ስለ ራሱ እንደዚያው ያስባል። አፍሮ አንገቱን ይደፋል። ሲያፍር ደግሞ ይጠጣል።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ላለው ሰው፣ ለሚስቱ፣ ለልጆቹና ለጎረቤቶቹ የተጻፈ ነው። የምንነግራችሁ አንድ ነገር ነው። መጠጥን ብቻ ለብቻ ታግሎ መተው ከባድ ነው። ያው ችግር ካለበት ሰው ጋር በየሳምንቱ እየተገናኙ መተው ግን ይቀላል። እንዲህ ያለው ስብሰባ የት እንደሚገኝ፣ ከሌለም እንዴት እንደሚጀመር እንመለከታለን።

ሱስ ማለት ምን ማለት ነው?

ጠላ፣ ጠጅ፣ ቢራና አረቄ ሁሉም አልኮል አለባቸው። መጠኑ ግን ይለያያል። በጠላ ውስጥ ያለው አልኮል ጥቂት ነው። ጠጅ ከጠላ ይበረታል። አረቄ ከሁሉም የበረታ ነው። ከአንድ ጠርሙስ አረቄ ሲሶ ያህሉ አልኮል ነው። ዳግም አረቄ ሲሆን ደግሞ ወደ ግማሽ ይጠጋል።

ሰው ለብዙ ጊዜ አብዝቶ ሲጠጣ አካሉ አልኮልን ይለምዳል። በፊት ሁለት መለኪያ ያሰክረው የነበረ ሰው አሁን አምስትም አይበቃው። ጠዋት ሲነሳ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ያልበዋል፤ እህል አይወርድለትም። አረቄ ሲቀምስ መንቀጥቀጡ ይቆማል። ያን ጊዜ የሚጠጣው ለጨዋታ አይደለም። ሐራራውን ለማስታገስ ነው። ሱስ ማለት ይኸ ነው።

ሱስ በሽታ ነው እንጂ ክፋት አይደለም። ወባ የያዘውን ሰው «ወኔ የለህም» አንለውም። ወደ ጤና ጣቢያ እንወስደዋለን። የመጠጥ ሱስ የያዘውንም እንደዚያው ማየት ይገባናል።

ራሳችንን በአራት ጥያቄ እንመርምር

የጤና ባለሙያዎች የሚጠይቋቸው አራት ጥያቄዎች አሉ። አጫጭርና ግልጽ ናቸው። እያንዳንዳችሁ ለብቻችሁ አንብባችሁ በልባችሁ መልሱ።

1ኛ/ «መጠጥ መቀነስ አለብኝ» ብላችሁ አስባችሁ ታውቃላችሁ?

2ኛ/ ሰዎች ስለ መጠጣችሁ ሲናገሯችሁ ተናዳችሁ ታውቃላችሁ?

3ኛ/ በመጠጣታችሁ ተጸጽታችሁ ታውቃላችሁ?

4ኛ/ ጠዋት ገና ከመኝታ እንደ ተነሳችሁ፣ ሰውነታችሁ እንዲረጋ ብላችሁ ጠጥታችሁ ታውቃላችሁ?

ከአራቱ ለሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ «አዎን» ካላችሁ ከጤና ባለሙያ ጋር መነጋገር ያስፈልጋችኋል። ለአራተኛው ብቻ «አዎን» ያለም ቢሆን ቢሄድ ይሻላል።

ሁለት ሰዎች የጀመሩት ሥራ

አሁን አንድ እውነተኛ ታሪክ እንነግራችኋለን። ታሪኩ የአሜሪካ ነው። ጊዜው 1927 ዓ.ም. ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ከመውረሩ ጥቂት ወራት በፊት መሆኑ ነው።

ቢል ዊልሰን የሚባል የኒው ዮርክ ሰው ነበር። ሥራው ከኩባንያዎች አክሲዮን ጋር የተያያዘ ንግድ ነበር። መጠጥ ሥራውንም ትዳሩንም በጣም ጎድቶበት ነበር። ሆስፒታል ተኝቶ ከታከመ በኋላ አምስት ወር ያህል ሳይጠጣ ቆየ። ከዚያ ለሥራ አክሮን ወደምትባል ከተማ ሄደ። ሥራው አልተሳካለትም። ተናዶ፣ ብቻውን ሆኖ፣ ሆቴል ውስጥ ቆሟል። መጠጥ ቤቱ እዚያው አጠገቡ ነው። የሰው ድምፅና ሳቅ ይሰማዋል። ልቡ መጠጥ ከጀለ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለው። ባለፉት ወራት ሌሎች ጠጪዎችን ሊረዳ ሲጥር ነበር። እነሱ አልተዉም። እሱ ራሱ ግን እነሱን ለመርዳት ሲደክም ሳይጠጣ ቆየ። እንግዲህ አሁንም የሚያስፈልገው እንደ እሱ የሚሠቃይ ሌላ ሰው መሆኑ ገባው። ወደ መጠጥ ቤቱ መግባቱን ትቶ ስልክ አነሳ። ለአንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ደወለ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመሩት ቆይተው በመጨረሻ አንዲት ሴት ከአንድ ሰው ጋር አገናኘችው።

ያ ሰው ዶክተር ሮበርት ስሚዝ ይባላል። የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። የመጠጥን ጉዳት ከማንም በላይ ያውቃል። ቢሆንም መተው አቅቶታል። እንግዲህ ዕውቀት ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ እንረዳለን።

ሁለቱ ሰዎች ግንቦት 4 ቀን 1927 ዓ.ም. ተገናኙ። ዶክተሩ ለ15 ደቂቃ ብቻ ሊቀመጥ አስቦ ነበር የመጣው። ግን ከስድስት ሰዓት በላይ ተቀምጠው ተነጋገሩ። ለምን? ቢል ዶክተሩን አልገሠጸውም። አልመከረውም። የራሱን ታሪክ ብቻ ነገረው። እንዴት እንደ ጀመረ፣ እንዴት እንደ ዋሸ፣ እንዴት እንደ ወደቀ አጫወተው። ዶክተሩም ለመጀመሪያ ጊዜ ችግሩን ከራሱ ሕይወት የሚያውቅ ሰው አገኘ።

ዶክተሩ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ወድቋል። እንደገና ጠጥቷል። ጓደኛው ግን አልተወውም። ሰኔ 3 ቀን 1927 ዓ.ም. የመጨረሻውን መጠጥ ጠጣ። ከዚያ እስኪሞት ድረስ፣ እስከ 1943 ዓ.ም.፣ አልጠጣም። ቢልም በ1963 ዓ.ም. እስኪሞት አልጠጣም።

ሁለቱ ሰዎች ወደ ሆስፒታል ሄደው ሦስተኛ ሰው ፈለጉ። አንድ ጠበቃ አገኙ። እሱም ተወ። ሦስት ሆኑ። ከዚያ አሥር፣ ከዚያ መቶ እያሉ በዙ። በ1931 ዓ.ም. መጠጥ የተዉበትን መንገድ በመጽሐፍ አሳተሙ። ማኅበሩ «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» ይባላል። «ስማቸው የማይገለጽ የመጠጥ ሱሰኞች» ማለት ነው። ዛሬ በ180 ያህል አገሮች ስብሰባ አለው።

በስብሰባው ላይ ምን ይደረጋል?

ብዙ ሰው ስብሰባ ሲባል ሰብሳቢ፣ ቃለ ጉባኤና መዋጮ ይመስለዋል። ይኸኛው እንደዚያ አይደለም።

ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ይፈጃል። አንዱ ተነስቶ፣ ወይም እዚያው እንደ ተቀመጠ፣ ስሙን ይናገራል። የአባት ስም አይጠየቅም። መጠጥ ምን እንዳደረገው ይናገራል። ባለፈው ሳምንት እንዴት እንደ ዋለ ይናገራል። ሌሎቹ ያዳምጣሉ። አያቋርጡትም፤ አይሰድቡትም፤ አይፈርዱበትም። ከዚያ ሌላው ይቀጥላል። መናገር የማይፈልግ ዝም ብሎ ማዳመጥ ይችላል።

ለመግባት የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። መጠጥ ለመተው መፈለግ። የመግቢያ ገንዘብ የለም። ሀብታምና ድሀ፣ የተማረና ያልተማረ አይለይም። ሃይማኖትም አይጠየቅም።

አዲስ የገባ ሰው ከነባሮቹ አንዱን ይመርጣል። ያ ሰው እንደ ታላቅ ወንድም ይሆንለታል። ሴት ከሆነች እንደ ታላቅ እህት የምትሆንላትን ሴት ትመርጣለች። ሐራራው ሲነሳ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሄዶ ወይም ስልክ ደውሎ ያማክረዋል።

«ዕድሜ ልኬን አልጠጣም» ብሎ መማልም የለም። «ዛሬን አልጠጣም» ማለት ብቻ ነው። ነገ ሲመጣ ደግሞ ነገ «ዛሬ» ይሆናል። ሰፊ ማሳ የሚያርስ ገበሬ ማሳውን በሙሉ በአንድ ጊዜ አያርሰውም። የሚያርሰው አንድ ትልም ነው። ከዚያ ሌላ ትልም።

«ምስጢሩ ይወጣ ይሆን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። በገጠር ማን እንደሚጠጣ ሁሉም ያውቃል። ይህን መደበቅ አይቻልም። የሚጠበቀው ምስጢር በስብሰባው የተነገረው ነገር ነው። እዚያ የተሰማ ነገር ወደ ገበያም ወደ ጓዳም አይሄድም። ይህ ከፈረሰ ስብሰባው ይፈርሳል።

ይጠቅማል ወይ?

በ2012 ዓ.ም. ተመራማሪዎች 27 ጥናቶችን ሰብስበው መርምረዋል። በጥናቶቹ ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ነበሩ። ወደነዚህ ስብሰባዎች በሥርዓቱ እየተመሩ የተረዱ ሰዎች፣ በሌላ ዓይነት ምክር ብቻ ከተረዱት ይልቅ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይጠጡ በመቆየት በልጠው ተገኝተዋል። ሁሉም ሰው ተወ ማለት አይደለም። ስብሰባው ሕክምናንም አይተካም። ግን ይረዳል። ገንዘብም አያስወጣም።

ተጠንቀቁ! ጠዋት የምትጠጡ ሰዎች በአንድ ጊዜ አታቁሙ

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት። ማንበብ ለማይችልም አንብቡለት።

በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በድንገት ቢያቆም ሊታመም ይችላል። ካቆመ ከጥቂት ሰዓቶች በኋላ እጁ ይንቀጠቀጣል። ያልበዋል። ልቡ ይመታል። እንቅልፍ ያጣል። አንዳንዱን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ይጥለዋል። አንዳንዱ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይቃዣል፤ የሌለ ነገር ያያል፤ ያለበትን ቦታ አያውቅም። ይህ ሰውን ሊገድል ይችላል።

ብዙ ጊዜ ቤተሰብ «ጋኔን ያዘው» ብሎ ያስረዋል፤ ወይም «መጠጡ ስለ ቀረበት ነው፤ ይሻለዋል» ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ስሕተት ነው። መጠጥ ካቆመ በኋላ የወደቀ ወይም የቃዠ ሰው በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። መድኃኒት አለው። ሐኪም በሚሰጠው መድኃኒትና ቪታሚን ጥቂት ቀን ታክሞ ይድናል።

እንግዲህ ጠዋት ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው መጀመሪያ የጤና ባለሙያ ያማክር። ከዚያ ያቁም።

ስብሰባውን የት እንፈልግ?

በገጠራችን እንዲህ ያለ ስብሰባ በየቀበሌው አይገኝም። ስለዚህ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሚጠየቅባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፦ ጤና ኬላ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አነጋግሩ። አታፍሩ። አንድ አባት እንዲህ ብለው ሊጀምሩ ይችላሉ።

«ልጄ፣ ለብቻሽ ላናግርሽ ፈልጌ ነበር።»

«ምነው አባባ? ደህና ነዎት?»

«መጠጥ ልተው ብዬ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። አቃተኝ። ለሰው መናገር ደግሞ አፈርኩ።»

«መምጣትዎ ደግ ነው። ጠዋት ጠዋት እጅዎ ይንቀጠቀጣል?»

«ይንቀጠቀጣል። ካልቀመስኩ እህል አይወርድልኝም።»

«እንግዲያው በአንድ ጊዜ እንዳያቆሙ። ነገ ወደ ጤና ጣቢያ እልክዎታለሁ። እዚያ ያዩዎታል። ሲመለሱም ብቻዎን አይሁኑ። መተው የሚፈልግ ሌላ ሰው ካለ አገናኝዎታለሁ።»

ነገሩ በዚህ ያህል ቃል ይጀመራል።

ሁለተኛ፦ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል። በጤና ጣቢያው የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ ካለ እሱን ጠይቁ። ሕመሙ ከበረታ ወደ ሆስፒታል ይልኳችኋል። አዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። «ከሕክምናው በኋላ የምገናኝባቸው ሰዎች አሉ ወይ? በምን ቀን? የት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛ፦ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ። የንስሐ አባታችሁን፣ ወይም የመስጊዱን ኢማም፣ ወይም የጸሎት ቤቱን መሪ ጠይቁ። መጠጥ የተዉ ሰዎችን ያውቃሉ። ጠበል የሚጠመቁም ብዙ ናቸው። ጠበል መጠመቅና መድኃኒት መውሰድ አይጣሉም። አንዱን ለማድረግ ሌላውን መተው አያስፈልግም።

አራተኛ፦ መጠጥ የተወ ሰው። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። በአካባቢያችሁ «እገሌ እኮ ድሮ ጠጪ ነበር» የሚባል ሰው አለ። ሂዱና «እንዴት አድርገህ ተውክ?» በሉት። ብዙዎቹ ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል። ጠያቂ ስለሌለ ነው ዝም ያሉት።

ስብሰባ ከሌለስ?

ከሌለ መጀመር ይቻላል። የአክሮኖቹ ሰዎች ሁለት ነበሩ። ለእናንተም ሁለት ሰው ይበቃል። አንዱ መጠጥ የተወ ቢሆን ይመረጣል። ከሌለ ግን ሁለት ለመተው የቆረጡ ሰዎች ይጀምሩት።

እኛ የተሰባሰበ ሰው ኃይል እንግዳ አይደለንም። እድር አለን። እቁብ አለን። ደቦ አለን። ማንበብም የተማርነው አንድ ላይ ተቀምጠን ነው። አንዱ ፊደል ሲጠፋው ሌላው እያስታወሰው ተምረናል። ይህም እንደዚያ ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ በዚህ ስብሰባ ጠላ አይቀዳም።

ስትጀምሩ እነዚህን ስድስት ነገሮች ተስማሙባቸው።

1/ ቦታ። ጠላ ቤት ወይም አረቄ ቤት አጠገብ አይሁን። የማንበቢያው ክፍል፣ የጤና ኬላው ግቢ ወይም የዛፍ ጥላ ይበቃል።

2/ ቀን። በሳምንት አንድ ቀን ይሁን፤ አይቀያየር። የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ይሻላል። ሰው አብዝቶ የሚጠጣው ያን ጊዜ ነውና ለመጠጥ የሚሄድበትን ሰዓት ስብሰባው ይይዘዋል።

3/ ምስጢር። በስብሰባው መጀመሪያ ሁልጊዜ «እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል» ተባባሉ።

4/ ንግግር። እያንዳንዱ ስለ ራሱ ብቻ ይናገር። ስለ ሌላው መናገር፣ መስደብ፣ መፍረድ የለም።

5/ ገንዘብ። መዋጮ አይኑር። የቡናና የቆሎ ነገር በተራ ይደረስ።

6/ ጠጥቶ የመጣ ሰው። አታባርሩት። ዝም ብሎ ያዳምጥ። በሚቀጥለው ሳምንት ሳይጠጣ ሲመጣ ይናገር።

ንግግሩ ካስቸገራችሁ ይህን ጽሑፍ ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ክፍል ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡና በዚያ ላይ ተነጋገሩ።

ሴቶችም ይጠጣሉ። ብዙዎቹ የሚጠጡት ተደብቀው ነው። ጠላ ስትጠምቅ ወይም አረቄ ስታወጣ እየቀመሰች የለመደች እናት አለች። ወንዶች በሞሉበት ስብሰባ መናገር ይከብዳታል። ስለዚህ ለሴቶች የብቻቸው ስብሰባ ቢኖር መልካም ነው።

የቤተሰብና የጎረቤት ድርሻ

የጠጪ ሚስት ሸክሟ ከባድ ነው። ዱቤውን ትከፍላለች። ለሰው «ታሞ ነው» ብላ ትዋሻለች። ሌሊት በር ትከፍታለች። በአሜሪካም የቢል ዊልሰን ሚስት ሎይስ ይህን አይታ ነበር። በ1943 ዓ.ም. ከሌላ ሴት ጋር ሆና ለጠጪ ቤተሰቦች የሚሆን ሌላ ስብሰባ አቋቋመች። «አል አኖን» ይባላል። ስለዚህ ባል ባይመጣም ሚስት ከሌሎች ሚስቶች ጋር መገናኘት ትችላለች። መፍትሔ ባይገኝ እንኳ ብቻዋን እንዳልሆነች ታውቃለች።

ሰክሮ የሚደበድብ ሰው ካለ ግን የመጀመሪያው ነገር የሚስትና የልጆች ደኅንነት ነው። ሲሰክር አትከራከሩት። ወደ ጎረቤት ወይም ወደ ዘመድ ሽሹ። ለሽማግሌ፣ ለቀበሌ፣ ለፖሊስ ንገሩ። ሱስ በሽታ ቢሆንም ሰውን ለመደብደብ ፈቃድ አይሆንም።

አረቄ የሚያወጡ እናቶችም አሉ። ብዙዎቹ ልጅ የሚያስተምሩት፣ ቀለብ የሚገዙት በእሱ ነው። በእነሱ ላይ መጮህ አይጠቅምም። ሁለት ነገር ግን እንለምናቸዋለን። ለመተው የሚታገለውን ሰው «ና ቅመስ» አትበሉት፤ በዱቤም አትስጡት። ለልጆችም አትሽጡ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል።

እድርተኞችም ድርሻ አላችሁ። በለቅሶም በሠርግም ከጠላው ጎን ውሃ፣ ሻይ፣ ቡና ወይም ያልፈላ ብርዝ ይቅረብ። «አልጠጣም» ያለውን ሰው «ምነው ናቅኸን?» አትበሉት። «እግዚአብሔር ያጽናህ» በሉት። አንዲት መለኪያ አለማስገደድ ትልቅ ውለታ ነው።

ሒሳብ እንሥራ

ዋጋ እንደየአካባቢው ይለያያል። ለሒሳቡ እንዲመች አንድ መለኪያ አረቄ 10 ብር ነው እንበል። አንድ ሰው በቀን 5 መለኪያ ይጠጣል እንበል።

በቀን፦ 5 ሲባዛ በ10 = 50 ብር።

በ30 ቀን፦ 50 ሲባዛ በ30 = 1,500 ብር።

በ12 ወር፦ 1,500 ሲባዛ በ12 = 18,000 ብር።

ጳጉሜን እንዳትረሱ፦ 50 ሲባዛ በ5 = 250 ብር።

በዓመት፦ 18,250 ብር።

አሁን ደግሞ በአካባቢያችሁ ዋጋ ሥሩት። ያ ገንዘብ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ፣ ስንት ደብተር፣ ስንት በግ እንደሚገዛ ቁጠሩ። ጓዳ ውስጥ ለዘር የተቀመጠውን እህል ሸጦ የጠጣም አለና የእሱን ሒሳብ ጨምሩበት።

ሰው ቢወድቅስ?

መጠጥ ትቶ እንደገና የጠጣ ሰው ብዙ ነው። ዶክተር ስሚዝም ወድቆ ነበር። ሰው የሚሸነፈው ሲወድቅ አይደለም። አፍሮ ከሰዎቹ ሲሸሽ ነው። ስለዚህ የወደቀ ሰው በማግስቱ ወደ ስብሰባው ይመለስ። «ትናንት ጠጣሁ» ብሎ ይናገር። ሌሎቹም «እንኳን መጣህ» ይበሉት። ሦስት ሳምንት ሳይጠጣ ቆይቶ ከሆነ ሦስት ሳምንት መቆየት እንደሚችል አውቋል። የሚቀጥለው አራት ይሆናል።

ወደ ስብሰባው መምጣት ያቆመ ሰው ካለ ከሁለት ሰው በላይ ሳትሆኑ ቤቱ ሂዱ። አትቆጡት። «ቦታህ ክፍት ነው» በሉት። እንዲህ ያለ ቃል የሰማ ሰው ከብዙ ጊዜ በኋላም ቢሆን ሊመለስ ይችላል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

ቃላትን እንወቅ

ሱስ፦ አካልና አእምሮ አንድን ነገር ለምደው ያለ እሱ መዋል ሲያቅታቸው።

ሐራራ፦ የለመዱትን ነገር ሲያጡ የሚመጣ ብርቱ ፍላጎትና ሕመም።

አልኮል፦ በጠላ፣ በጠጅ፣ በቢራና በአረቄ ውስጥ ያለው የሚያሰክር ነገር።

ዱቤ፦ በኋላ ሊከፍሉ አሁን መውሰድ።

ተወያዩበት

1. ቢል ዊልሰን በሆቴሉ ውስጥ ሳለ ምን አደረገ? እናንተ ልባችሁ መጠጥ ሲከጅል ማንን ታነጋግራላችሁ?

2. መጠጥ ያቆመ ሰው ቢንቀጠቀጥ ወይም ቢቃዥ ምን ታደርጋላችሁ? ከመንደራችሁ ጤና ጣቢያ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ማን ያደርሰዋል?

3. በአካባቢያችሁ መጠጥ የተወ ሰው አለ? ወደ ንባብ ክፍላችሁ መጥቶ እንዲያጫውታችሁ ማን ይጠይቀው?

4. በእድራችሁ ለማይጠጣ ሰው ምን ይቀርባል?

5. ስብሰባ ብትጀምሩ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቦታ ይሁን? ዛሬ ከመለያየታችሁ በፊት ቀኑንና ቦታውን በወረቀት ላይ ጻፉ።